ሁሌ ጀርባዋን የምናያት ሰሌዳ

ዛሬ የምናነሳት ዕቃ ሲያዩዋት ኢምንት ናት። አናቷ ላይ ስፕሪንግ ያለው የብረት መቆንጠጫ የተገጠመላት፣ ወረቀት የምትይዘዋን ሰሌዳ ማለታችን ነው። ክሊፕቦርድ ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ናት፤ ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራች። አሁን አሁን ፕላስቲኳም በዝታለች።

ጠረጴዛ በሌለበት ጠረጴዛ ትሆናለች። ቆሞ የሚጽፍ ሁሉ ባለውለታዋ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪው፣ በር ላይ ታርጋ የሚመዘግበው ጥበቃ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ ለመስጂድ ግንባታ መዋጮ የሚሰበስበው ወንድምም ጭምር። በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ቤት ለቤት የሚዞሩትን እህቶች አስታውሱ። ሁለት ጠብታ በልጁ አፍ፣ ትንሿ ጣቱ ላይ ቀለም፣ ከዚያ ወረቀታቸው ላይ አንዲት ጭረት። በነሐሴ 2012 ዓ.ል. አፍሪካ በተፈጥሮ ከሚገኘው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ሲታወጅ እኛ ያሰብነው እነዚያን ጭረቶች ነበር። በፀሐይና በዝናብ፣ ክንድ ላይ በተደገፈች ሰሌዳ የተጻፉ ናቸውና።

ይሁን እንጂ ሰሌዳዋ አንድ ጠባይ አላት። ፊቷን የሚያየው ጸሐፊው ብቻ ነው። ስለ ራሱ የሚጠየቀው፣ ስሙ የሚጻፈው ሰው የሚያየው ጀርባዋን ነው። ይህ በተለይ ለእኛ ለሙስሊሞች ቀላል ነገር አይደለም። ስሞቻችን ከዐረብኛ የመጡ በመሆናቸው ጸሐፊው እንደ ጆሮው ይጽፋቸዋል።

የእኛን ቤት እንንገራችሁ። የአያታችን ስም፣ እንደ ብዙዎቻችሁ አያት፣ ሙሐመድ ነው። አባታችን (አላህ ይዘንላቸውና) በሕይወት ሳሉ መታወቂያቸው ላይ «መሀመድ» ተብሎ ነበር። የታላቃችን የትምህርት ማስረጃ «ሙሐመድ» ይላል፤ የእህታችን መታወቂያ ደግሞ «ሞሐመድ»። ሁሉም በር ላይ ቆሞ በተጠየቀ ጥያቄ የተጀመረ ነው። ከሰሌዳዋ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ መታወቂያ ተገለበጠ። ማንም ክፉ አላሰበም።

አባታችን ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ቀረብን። «እነዚህ ሦስት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስረዱ» ተባልን። ምስክር ቁጠሩ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ፣ ነገ ተመለሱ። የአንድ አባት ልጆች መሆናችንን ጎረቤት ሁሉ እያወቀ፣ በአንዲት ፊደል ሳቢያ ወራት ተመላለስን። ያንን ደጅ ጥናት የቀመሰ ያውቀዋል። እናታችንን ያስለቀሳቸው ግን መመላለሱ አልነበረም። «በባሌና በልጆቼ መካከል ወረቀት ገባ» የሚሉት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ እናታችን ልማድ አውጥተዋል። ፊደል አልቆጠሩም። መዝጋቢ ሲመጣ ግን ውሃም ቡናም ያቀርቡና «ልጄ፣ እስቲ አዙራትና ያልኩህን አንብብልኝ» ይላሉ። አንዳንዱ ደስ ብሎት ያነባል፤ አንዳንዱ «አላመኑኝም ማለት ነው?» ብሎ ያኮርፋል። ለሚያኮርፈው መልስ አላቸው። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው፤ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ የሚያስጽፈውም ባለዕዳው ራሱ እንዲሆን ያዛል። ይህን ከደርስ ነው የሰሙት። ሲነግሩትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ልጁን ለማሳፈር አይደለም።

አሁን በሰሌዳዋ ፈንታ ታብሌት እየመጣ ነው። የ1987ቱም ሆነ የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በወረቀት ነበር፤ በታብሌት ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ል. እንዲራዘም ተወሰነ። ታብሌቱም ቢሆን ጀርባ አለው፤ እንዲያውም ከሰሌዳዋ ይልቅ ያብለጨልጫል። እናታችን አልተደነቁም። «እሱም ይዞራል አይደል?» ብቻ አሉ። እህታችንም የአያታችንን ስም በትልልቁ ጽፋ ከበሩ በስተውስጥ ለጥፋዋለች፤ የሚመጣው ጸሐፊ እያየ ይገልብጥ።