በቦሌ ሥራ ለምትጀምረው ልጄ

 

ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ስትመኚው የኖርሽው የሐኪምነት ማዕረግ ተፈጽሞልሽ በቦሌ ክፍለ ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ መመደብሽን በሰማሁ ጊዜ ደስታዬ ታላቅ ቢሆንም፣ ከምትገቢበት ሰፈር ጠባይ የተነሣ ስለ ሱስ አስቀድሜ ላሳስብሽ ወደድሁ።

ከመድኃኔዓለም ካቴድራል ደጅ ተነሥቶ እስከ ሃያ ሁለት ለሚዘልቅ ሰው መጠጥ ቤቱና ጫት መሸጫው ስውር አይደለም፤ ከዚያ የሚወጣው ድውይ ግን ወደ አንቺ ሲመጣ ሱስ ይዞኛል ብሎ አይመጣም። አንዱ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሌላው ጨጓራዬን አመመኝ፣ ሦስተኛው የደም ግፊቴ አልወርድ አለ ይልሻል፤ በሰካራም ባሏ የተደበደበችውም ደረጃ ላይ ወደቅሁ ትልሻለች። በመምህርነት ዘመኔ ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ስጠይቅ፣ «ታሟል» እንጂ «ይጠጣል» ያለኝ ወላጅ አላጋጠመኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በአልኮል ምክንያት የሞተው ሰው 2.6 ሚሊዮን እንደሚሆን የገመተው፣ ካንሰሩን፣ የጉበቱን ሕመምና የመንገዱን አደጋ ጭምር አስልቶ ነው፤ በአንቺ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ በየስሙ ተበታትኖ ስለሚጻፍ፣ የሱስ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሣ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ ሽማግሌ ወጣት፣ ባለጸጋ ድኻ ሳትለዪ፣ ዕድሜውንና አድራሻውን በምትጠይቂበት በዚያው ድምፅ ስለ መጠጡና ስለ ጫቱም ጠይቂው።

ሁለቱንም የምትጠይቂው ተያይዘው ስለሚሄዱ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ሊቅም በርጫ የተቀመጠው ሰው ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣው፣ እርሱን ሊሰብር ጨብሲ ብሎ ወደ ቢራው ወይም ወደ አረቄው ይሄዳል፤ በማግሥቱም ሐራራው ይመለስበታል። እንግዲህ ጫቱን ጠይቀሽ መጠጡን ከተውሽ የሕመሙን እኩሌታ አላየሽም።  ገና በሱስ ላልተያዘው ወጣት፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ መደንገጉ መልካም ነው፤ አስቀድሞ ለተያዘው ግን ተስፋው አንቺና ባልንጀሮችሽ ናችሁ።

እጅግ የምፈራው ቤተሰቡ በፍቅር የሚፈጽመውን ስሕተት ነው። ለብዙ ዘመን በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በር ተቆልፎበት በድንገት ቢያቆም፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መንዘፍዘፍና መቃዠት ደርሶበት ሊሞት እንደሚችል አንቺ ተምረሽዋል፤ እናቱ ግን አልተማረችውም። አስቀምጠሽ ንገሪያት፣ እንዲህ ያለውንም ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ኤካ ኮተቤ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ላኪው። ጸበል ልውሰደው ካለችሽ አትከራከሪያት፤ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ እንዳስተማሩ አስታውሰሽ፣ ሁለቱንም አታስቀሪበት በያት።

ታክሞ ያገገመው በወሩ ሰክሮ ቢመጣብሽ፣ ይህ ሕመም የሚያገረሽ መሆኑን አስበሽ፣ ያለ ተግሣጽ ሌላ ቀጠሮ ጽፈሽ ስጪው። ሴቶችን ደግሞ አደራ እልሻለሁ፤ በወንድ ላይ የሚታለፈው በእነርሱ ላይ ነውር ስለሚሆን ከወንዱ አብልጠው ይደብቃሉና፣ ባሏም አማቷም በሌሉበት ለብቻዋ ሳታነጋግሪ አንዲቱንም አታሰናብቺ።

እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን።

አባትሽ