አለቃ የሌለው ሥራ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሞጣ ሳለሁ ካስተማርኋቸው አንዱ ካሜራ ገዝቶ በግሉ ሠርግ እየቀረጸ ለመኖር ባሰበ ጊዜ፤ «ደመወዝ የሌለው ሥራ፣ ሥራ አይደለም» ብዬ ገሠጽሁት። እርሱ ግን በአሳቡ ጸና።

ኋላ የእኅቴ ልጅ ስትዳር ጠራነው። ከሠርጉ ሦስት ቀን አስቀድሞ መጥቶ እናቲቱን አነጋገረ፤ ሙሽራዪቱ የት ሆና እንደምትመረቅ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትበራ አይቶ በወረቀት ጻፈ። ዋጋውን ቈርጦ ቀብድ ተቀበለ፤ በቀጠረውም ቀን አስረከበ።

አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት፤ አፍሪካ በራስዋ ልጆች ዓይን እንድትታይ ደክማለች። ካሜራ የሚያሳየው ከኋላው ያለው ሰው ያሰበውን ነውና።

ተማሪዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንተም አለቃ የሌለውን ሥራ ከመረጥህ፤ ቃልህ አለቃህ ይሁን።