ኮምፒውተሬ ለምን ይግላል?

ሰሞኑን ወላይታ ሶዶ በሚገኘው ቤቴ የምሽት ሥራዬ የኮምፒውተሬን ሙቀት መጠበቅ ሆኗል። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በ2003 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬ ነው። የቪዲዮ ቅንብር እሠራለሁና ፍጥነት ያስፈልገኛል፤ አዲስ ለመግዛት ግን የምንዛሪው ዋጋ አላስደፈረኝም። ስለዚህ ያለኝን ከ3.3 ወደ 4.4 ጊጋኸርትዝ ከፍ አደረግሁት። ባለሙያዎቹ ይህን «ኦቨርክሎክ» ይሉታል፤ ዕቃውን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ማለት ነው።

ፍጥነት ግን በነጻ አይገኝም። የፕሮሰሰር ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ግን ጭማሪው በካሬ ነው። እኔ ፍጥነቱን በሲሶ ሳሳድግ ማሽኑ ጸንቶ እንዲሠራ ቮልቴጁንም ከ1.2 ወደ 1.35 ማድረስ ነበረብኝ። ሁለቱን ብታባዙ ሙቀቱ 70 በመቶ ያህል እንደሚያድግ ታገኛላችሁ። ሲሶ ፍጥነት ገዝቼ የከፈልሁት ዋጋ ይህ ነው።

በዳሞታ ተራራ ነፋስ ተማምኜ ነበር። ነፋሱ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደት ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት የማቀዝቀዣው ክንፎች ይደፈናሉ። ስለዚህ ኬዙን ከፍቼ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። የደረቀውን ቅባት አንስቼ ምስር የምታክል አዲስ ፔስት አደረግሁበት። አንዱን ፋን ከፊት አየር እንዲያስገባ፣ ሌላውን ከኋላ እንዲያስወጣ አዞርሁ። ከ90 ዲግሪ ያልፍ የነበረው ሙቀት ወደ 70 ወረደ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ብቻ ቆየ። ሰፈሩ ራት ሲያበስል ኮምፒውተሬ በራሱ ጠፍቶ ተነሣ። በማግስቱም እንዲሁ። የግድግዳውን መስመር በሜትር ብለካው 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ 170 ሆኖ አገኘሁት። ቮልቴጅ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማድረስ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ብዙ ከረንት ደግሞ ብዙ ሙቀት ነው። ለካስ ሳምንት ሙሉ ኬዙ ውስጥ የፈለግሁት ሕመም ከቤቴ ውጪ፣ ምሰሶው ላይ ኖሯል።

ውድ አንባብያን፣ የሰፈራችሁን ትራንስፎርመር ቀና ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እሱም እንደ ፕሮሰሰር የማቀዝቀዣ ክንፎች አሉት፤ ውስጡ ያለው ዘይት ሙቀቱን ወደ ክንፎቹ ያደርሳል። ለተወሰነ ጭነት ተሠርቶ ሳለ በየዓመቱ አዲስ ቤት ይቀጠልበታል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ይህም ከእኔ ኮምፒውተር ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተማችን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማእከል ሆናለች፤ ቢሮውም ነዋሪውም በዝቷል። ትራንስፎርመሩ ማንም ሳይወስን ኦቨርክሎክ ተደርጓል ማለት ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያዘገያል፤ ትራንስፎርመር ይህ ጥበብ የለውም። ከልኩ በላይ በጋለ ቁጥር፣ በየ6 ዲግሪው ገደማ፣ የወረቀት መከላከያው ዕድሜ በግማሽ እያጠረ ይሄዳል። ችሎ ችሎ አንድ ማታ ይቃጠላል፤ እኛም ሻማ ፍለጋ እንወጣለን።

ነገሩን የሚያስቆጨው ስፍራው ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይሉ ወደ ሶዶ ይመጣል። ወደ ኬንያ የሚወስደው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሽያጩ ተጀምሯል። ተለዋዋጩን ከረንት ቀጥተኛ የሚያደርገው የዚህ ዓይነት ጣቢያ ሙቀቱን በሚዘዋወር ውኃ ያወጣል፤ ማቀዝቀዣው ከመጀመሪያው በዲዛይኑ ታስቦበት፣ በጀት ተይዞለት ነው። መሸጡን አልነቅፍም፤ አገር ገቢ ያስፈልጋታል። የምጠይቀው፣ ለግዙፉ መስመር የታሰበው ማቀዝቀዣ ለመጨረሻው ምሰሶ ለምን አልታሰበም የሚለውን ነው።

መልሱ ከምንቆጥረው ነገር ላይ ያለ ይመስለኛል። ሜጋ ዋት ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጥለታል። አዲስ ደንበኛ በሪፖርት ይጻፋል። ትራንስፎርመር ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ግን በየትኛው መድረክ ሲነበብ ሰምተናል? ፍጥነቱን የሚያውጅ አለ፤ ሙቀቱን የሚለካ የለም። ሙቀቱ ግን ሳይለኩት ቢቀር አይጠፋም፤ ምጣዷ ሳይግል የሊጡ ሰዓት ያለፈባት እናት ትከፍለዋለች፤ ብየዳው የተቋረጠበት ወጣት ይከፍለዋል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ኮምፒውተሬን ወደ 3.8 አወረድሁት፤ ከባዱን ሥራ ሰፈሩ ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወዲህ እሠራለሁ። ያኔ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ፋኑም ዝም ይላል። በመስኮቴ ስመለከት የትልቁ መስመር ማማዎች በጨረቃ ብርሃን ይታዩኛል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሳያዩ ነው።

ቸር እንሰንብት።