ቁልቁለት ያለው ሰው

ሽሮ ሜዳ የሚኖር ባለሞተር ባትሪው ቢደክም አይደነግጥም። ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮን ይዞ ቁልቁል ይንደረደርና ፍሪሲዮኑን ይለቀዋል፤ ስድስት ኪሎ ሳይደርስ ሞተሩ ይነሳል። ጎበዝ፣ ማታ ስድስት ኪሎ ላይ እንቢ ያለ ዕለትስ?

በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ሲጥል ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመው ብዙ ነው። መቆም ደግሞ ለባትሪ ጠላቱ ነው። ሳይሠራም ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ባዶውን ሲከርም የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበትና ቻርጅ መቀበል ያቆማል። የእንጦጦ ብርድ ሲጨመርበትማ አይጣል ነው!

ታዲያ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት አሮጌው በቴስተር ይለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ 12.6 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 14 ካልተጠጋ ግን ጥፋቱ ከቻርጅ መስመሩ ነው፤ አዲስ ቢገዙም ያው ነው። ሳይለካ «ባትሪህ ሞቷል» የሚል መካኒክ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አይታመንም።

ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የጎደለው በተጣራ ውሃ ብቻ ይሞላል፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ሲቀየር መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይፈታል፣ ሲታሰር ፖዘቲቩ ይቀድማል። አሮጌው እርሳስና አሲድ አለበትና፣ እባካችሁ ወንዝ ዳር አትጣሉት።