ከእሳት የተረፈው ፊልም በዲስክ

መጽሐፍ ወዳድ የሆነ ሰው የወደደውን ምዕራፍ ደግሞ ማንበብ ቢያሻው ከመደርደሪያው አውርዶ ገጹን ይገልጣል፤ ካቆመበትም ይቀጥላል። ፊልም ወዳዱ ግን ለረጅም ዘመን ይህ ዕድል አልነበረውም። የሲኒማ ቤቱ መብራት በርቶ ሕዝቡ ሲወጣ፣ ያየው ሥራ በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል፤ ለተመልካቹ የሚቀርለት ትዝታው ብቻ ነው። ስለዚህም በእኔ ትውልድ ስለ ሲኒማ ይደረግ የነበረው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የትዝታ ክርክር ነበር። አንዱ «ሰውዬው በመጨረሻ ዞር ብሎ አይቷታል» ሲል ሌላው «የለም፣ አላያትም» ይላል፤ በመካከላቸው ዳኛ የሚሆን ማስረጃ አልነበረም።

ፊልምን እንደ መጽሐፍ በእጅ የሚያዝ፣ የሚጠቀስና የሚመረመር ሥራ እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው በሌዘር ብርሃን የሚነበበው ዲስክ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ይህን ስል ስለ ዕቃው ውበት መናገሬ አይደለም። ሣጥኑን እየደባበሱ በመደርደሪያ ላይ መደርደርን የሲኒማ ፍቅር አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ እነርሱን ከነሸቀጣቸው ትቼ፣ ዲስኩ ለአንድ የጥበብ ሥራ ምን እንዳደረገለት፣ ለማንስ እንዳደረገው ለመመልከት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ የመጀመሪያ ሥራ የሆነው «ፓተር ፓንቻሊ» በ1955 ለዕይታ የበቃ ሲሆን፣ በቤንጋል ገጠር የሚኖር የአንድ ድኻ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ዱርጋ የምትባለው ልጅ የጎረቤት ሐብል ሰርቃለች ተብላ ትከሰሳለች፤ ትክዳለች፤ እናቷም በሐፍረትና በንዴት ትደበድባታለች። በኋላ ልጅቱ በዝናብ በስብሳ፣ ትኩሳት ይዟት ትሞታለች። ቤተሰቡ መንደሩን ለቆ ሊሄድ ዕቃውን በሚሸክፍበት ጊዜ ታናሽ ወንድሟ አፑ ከአንድ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ያንኑ ሐብል ያገኛል። ለማንም አይናገርም። ሮጦ ወጥቶ ወደ ኩሬው ይወረውረዋል። የኩሬውን ፊት የሸፈነው አረም ይከፈታል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ተመልሶ ይገጥማል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ቃል አይነገርም።

ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ያየሁት በቪሲዲ፣ ያውም ከቅጂ ላይ በተቀዳ ቅጂ ነበር። ቪሲዲ በየሠፈሩ ሲዲ ቤት እንደ ልብ ይገኝ በነበረበት ጊዜ ለብዙዎቻችን ትልቅ ውለታ የዋለ ዕቃ ነው፤ ይሁንና አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙ ለሁለት ይቆረጥ ነበር፤ የምስሉም ስፋት 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ቅጂ ላይ ኩሬው አመድማ ጭቃ ይመስላል። ሐብሉ ሲወድቅ ይታያል፤ አረሙ ሲከፈትና ሲገጥም ግን አይታይም። ከዓመታት በኋላ ታድሶ በብሉሬይ ዲስክ የወጣውን፣ ማለትም 1920 በ1080 ነጥብ ያለውን ስመለከት፣ ውኃው እንደ ሰው አፍ ተከፍቶ ምስጢሩን ውጦ ሲዘጋ አየሁ። የሟቿ እኅት ነውር ተቀበረ፤ የቀበረውም ሕፃን ነው። ታሪኩ ያው የማውቀው ታሪክ ነበር፤ ራይ የጀመረው ዐረፍተ ነገር ግን ማሰሪያ አንቀጹን ያገኘው ያን ዕለት ነው።

ያ አረም እንዴት ሊመለስ እንደ ቻለ መተረክ ይገባዋል። ራይ በካልካታ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በሥዕልና በንድፍ ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። ካሜራውን የያዘለት ወጣቱ ሱብራታ ሚትራ ከዚያ ቀደም ፊልም ቀርጾ አያውቅም። ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው ለብዙ ጊዜ ይቋረጥ ነበር፤ የራይ ባለቤት ጌጣ ጌጥም መያዣ ሆኗል። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ አስፈጸመው። የፊልሙ ርእስ «የመንገዱ መዝሙር» እንደ ማለት በመሆኑ ወጪው በመዝገብ ላይ በመንገድ ማሻሻያ ስም ተይዟል ይባላል፤ የመሥሪያ ቤት ሰው የሆነ አንባቢ ይህን ለማመን የሚቸገር አይመስለኝም። የአፑን የጉርምስናና የጎልማሳነት ዘመን የሚተርኩት «አፓራጂቶ»ና «አፑር ሳንሳር» በ1956 እና በ1959 ተከተሉ።

ራይ በኤፕሪል 1992 ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የሥራዎቹ ዋና ነጋቲቮች እንዲታደሱ ለንደን ከሚገኝ ላቦራቶሪ ገብተው ሳለ፣ በጁላይ ወር በቦታው እሳት ተነሣ። ከሦስቱ ፊልሞች ብዙው ክፍል አመድ ሆነ፤ የቀረውም ተኮማትሮና ተጣብቆ፣ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል የሚሰበር ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረው ሙያ ከእርሱ ምስል ማውጣት የማይታሰብ ነው። ነገር ግን አልተጣለም። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ቤተ መዛግብት ቁርጥራጩን በየቆርቆሮው አድርጎ ለ20 ዓመታት ያህል አስቀመጠው። መጋዘን ጠቦ በሚያስቸግርበት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ለምንም የማይረባ የሚመስለውን የተቃጠለ ፊልም «ይቆይ» ብሎ የፈረመው ሰው ማን እንደ ሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2013 ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ የዲስክ አሳታሚ ከቤተ መዛግብቱ ጋር ሥራውን ጀመረ። ቁርጥራጩ በኢጣልያ ቦሎኛ ከተማ ወደሚገኘው «ሊማጂኔ ሪትሮቫታ» ወደተባለው የፊልም ማደሻ ተላከ። በዚያ ያሉት ባለሙያዎች አስቀድመው የደረቀውን ፊልም ውኃ፣ ግሊሰሮልና አሴቶን በተቀላቀለበት ፈሳሽ አለሰለሱት። ቀጥለውም ቀልጦ የተጣበቀውን ፕላስተርና ሰም በእጃቸው ላጡለት። የፊልሙ ዳርና ዳር፣ የማሽኑ ጥርስ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ጠርዝ፣ በእሳት በተበላበት ቦታ አዲስ ጠርዝ ሠርተው ቀጠሉለት። ለዚህ የእጅ ሥራ ብቻ አንድ ሺህ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ምስሉ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር የገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከ«ፓተር ፓንቻሊ» 40 በመቶው፣ ከ«አፓራጂቶ» ደግሞ ከ60 በመቶ በላዩ ከዋናው ነጋቲቭ ሊገኝ ቻለ፤ የሦስተኛው ፊልም ነጋቲቭ ግን ለእድሳት የሚሆን ሆኖ ስላልተረፈ በልዩ ልዩ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ከነበሩ ሌሎች ቅጂዎች ታደሰ። ሥራው በሜይ 2015 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታየ፤ ከ60 ዓመት በፊት «ፓተር ፓንቻሊ» መጀመሪያ የታየው በዚሁ ሙዚየም ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሦስቱም በዲስክ ወጡ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ዋጋ እንግዲህ የእነዚያ ሠራተኞች አንድ ሺህ ሰዓት እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም።

ዲስክ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰው በአንድ ዝላይ አልነበረም። በ1978 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ሌዘርዲስክ እንደ ሙዚቃ ሸክላ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከሀብታሞች ቤትና ከትምህርት ተቋማት ብዙም አልራቀም። ሆኖም በ1984 የተቋቋመው ክራይቴሪየን «ሲቲዝን ኬን»ንና «ኪንግ ኮንግ»ን በዚሁ ዕቃ ላይ ሲያወጣ አንድ አዲስ ነገር ጀመረ። በ«ኪንግ ኮንግ» ዲስክ ላይ የፊልም ታሪክ ዐዋቂው ሮናልድ ሄቨር በተጨማሪ የድምፅ መስመር ትዕይንቱን እየተከተለ ማብራሪያ ሰጠበት። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይመስለኝም። ንባቡን አስቀድሞ ትርጓሜውን እያስከተለ፣ አንዱን ቃል በአንድምታ ሲያመላልስ ለኖረ የትምህርት ባህል፣ ፊልሙ ንባብ፣ የሊቁም ድምፅ ትርጓሜ ሆኖ መቅረቡ የተፈጥሮ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ዲቪዲ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ወጣ፤ ብሉሬይ በ2006 ተከተለ። የሌዘሩ ብርሃን ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ሞገዱም ከ650 ወደ 405 ናኖ ሜትር ሲቀጥን ጽሑፉ ስለረቀቀ፣ በአንድ ሽፋን 4.7 ጊጋባይት ይይዝ የነበረው ዲስክ 25 ለመያዝ በቃ። የቀረውን ለመሐንዲሶች እንተወው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ለማን?» ወደሚለው እንለፍ። የዲስክ ነጋዴዎች ዓለምን እንደ ርስት ተከፋፍለዋታል። ዲቪዲ ሲወጣ አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ ምዕራብ አውሮፓና ጃፓን ክልል 2 ተባሉ፤ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር በክልል 5 ተመደበች። ከዋሽንግተን በስጦታ የመጣን ዲቪዲ እዚህ በተሸጠ ማጫወቻ ውስጥ ከትተው፣ ምስል በመጠበቅ ፈንታ የእምቢታ ጽሑፍ ያነበቡ ጥቂቶች አይደሉም። ብሉሬይ ክልሎቹን ወደ ሦስት ዝቅ አደረጋቸው፤ አጥሩ ግን አልፈረሰም። አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ፣ ሕንድ ሲ ናቸው። እንግዲህ ከአመድ የተነሣው የራይ ሥራ በአሜሪካ ሲታተም ቁልፉ የኤ ነው፤ በካልካታ፣ ራይ ተወልዶ ባደገባት ከተማ፣ በደንቡ መሠረት የተሸጠ ማጫወቻ አያነበውም። በ2016 የወጣው ባለ 4ኬ ዲስክ ይህን ቁልፍ መተዉ የሚያስመሰግነው ነው፤ የመጣው ግን ማጫወቻ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከገበያው መውጣት በጀመሩበት ዘመን ነው።

ዋጋውንም አንርሳ። ክራይቴሪየን የሚያወጣው የአንድ ፊልም ብሉሬይ በአሜሪካ መደበኛ ዋጋው 40 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህ ከመምህር ደመወዝ ስንት እጅ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው።

«በኢንተርኔት ሁሉ ነገር እየታየ ስለ ዲስክ ማውራት ምን ይረባል?» የሚሉ ወጣት ባልደረቦች አሉኝ። መልሴ አጭር ነው። በ2016 በአሜሪካ የተከፈተው «ፊልምስትራክ» የተባለው የኢንተርኔት ማሳያ በዓለም የታወቁ ጥንታዊ ፊልሞችን አከማችቶ ነበር፤ በኖቬምበር 2018 ባለቤቶቹ ትርፉ አላጠገባቸውምና ዘጉት። ተመልካቹ በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም። ፊልሞቹ በኋላ ሌላ ቤት አገኙ፤ ያንንም የወሰነው ተመልካቹ አይደለም። ሥራን በራስ እጅ መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ቀደም ብለው ከተረዱት መካከል የራሳችን ሰው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ አንዱ ናቸው። በ1974 ሥርዓቱ ሲናጋ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ወጣ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያቀርቡ አከፋፋዮች ፊት ስለነሱት ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ አሳዩት፤ ከዚያም በዋሽንግተን፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚሁ ፊልም ስም የመጽሐፍና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ።

ከሁሉ የሚከብደው አጥር ግን ቋንቋ ነው። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ፣ የሠራተኛ ማኅበር ታጋይ፣ በኋላም ደራሲ ነበር። ልብ ወለዶቹን ያገሩ ገበሬና ላብ አደር ሊያነባቸው እንደማይችል ስለተገነዘበ፣ ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ ሲኒማን የሰፊው ሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ የሠራው ለዚህ ነው። ኢብራሂማ ዲዬንግ የሚባል ሥራ ፈት አባወራ፣ ፓሪስ መንገድ ከሚጠርገው የእኅቱ ልጅ የ25,000 ፍራንክ ሐዋላ ይላክለታል። ገንዘቡን ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው የልደት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍና ቴምብር፤ ለልደት ማስረጃው ደግሞ የተወለደበትን ቀን ማወቅ። ሰውዬው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲንከራተት ብድሩ ይከመራል፤ ሐዋላውንም በመጨረሻ የሚበላው የተማረ ዘመዱ ነው።

ታድሶ በ2021 በአሜሪካ በብሉሬይ የወጣውን ይህንን ፊልም የላከልኝ ዋሽንግተን የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው፤ ሁሉን ክልል ከሚያነብ ማጫወቻ ጋር። (ዲዬንግ ቢሰማ ምን ይል ነበር!) የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሩን ወደ አማርኛ መልሼ በደብተር ጻፍሁት፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዎች፣ ገሚሶቹ መምህራን፣ ገሚሶቹ ጎረቤቶች፣ ሳሎኔ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ አነባለሁ፤ ንግግሩ ሲፈጥን ልጄ ምስሉን ታቆምልኛለች። በፖስታ ቤቱ መስኮት ጸሐፊው መታወቂያ ሲጠይቅ፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ «ይህ የየትኛው ወረዳ ነው?» ቢሉ ሳቁ ንባቡን አቋረጠው። ዲዬንግ ፎቶግራፍ አንሺው ገንዘቡን በልቶ ሲያባርረው ግን የሳቀ አልነበረም። ሲያበቃ ያን የፖስታ ቤት ትዕይንት ድጋሚ እንድናይ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜ አየነው። በሦስተኛው ላይ አንድ የሒሳብ መምህር ጸሐፊው ባለ ጉዳዩን ቀና ብሎ የሚያየው መቼ መቼ እንደ ሆነ መቁጠር ጀመረ።

ቀጥሎ ለማሳየት ያሰብነው የአፑን ሦስት ፊልሞች ነው። ትርጉሙን አራት ሆነን ተካፍለናል፤ የ«ፓተር ፓንቻሊ» አልቋል፤ የ«አፓራጂቶ» እየተጻፈ ነው። የካህኑን የአባትየውን አነጋገር በምን ዓይነት አማርኛ እንደምናቀርበው ገና አልተስማማንም፤ አንደኛው ባልደረባችን የደብተራ ቃና ይኑረው ይላል፤ እኔ አልተዋጠልኝም።