የጋሼ ግንድ

እናቴ በስልክ «ቅዳሜን እንዴት ዋልክ ልጄ?» አለችኝ።

«ዓሣ ሳጠምድ።»

«ጎሽ! ስንት ያዝክ?»

«ሦስት።»

«ጠበስከው ወይስ ወጥ ሠራኸው?»

«መልሼ ለቀቅኳቸው።»

ዝም አለች። ከዚያ ከአዲስ አበባ ዳላስ ድረስ ያለ ስልክም በሚሰማ ትንፋሽ «ታዲያ በሌሊት ተነስተህ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለች።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ለእሷ አልመለስኩላትም። ለእናንተ ግን ልናዘዝ። የዋልኩት ዓሣ ሳጠምድ ብቻ አይደለም፤ የሰው ግንድ ስሰርቅ ነው።

(አዎ፣ ግንድ። ታገሱኝ።)

* * *

እዚህ አሜሪካ ባስ የሚባል ዓሣ አለ። አፉን ሲከፍት ቡጢ የሚያስገባ የሚመስል፣ ቁጡ፣ አረንጓዴ ዓሣ ነው። አሜሪካኖቹ ይህንን ዓሣ እንደ እግር ኳስ ውድድር አበጅተውለታል። ነገሩን ያስጀመረው ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አርካንሳስ ውስጥ ቢቨር ሐይቅ ላይ አጥማጆችን ሰብስቦ አወዳደረ። በ1972 ደግሞ «የያዛችሁትን አትግደሉ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። እናቴን ያስገረማት «መያዝና መልቀቅ» የተስፋፋው በእሱ ጊዜ ነው። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ጀልባ ያላቸው ሰዎች የሚወዳደሩበት አለ። እኔ የምወዳደረው ግን በካያክ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የምትጭን፣ መኪና ጣሪያ ላይ የምትታሰር የፕላስቲክ ጀልባ።

የካያክ ውድድር ደንቡ ቀላል ነው። ዓሣውን ትይዛላችሁ፣ መለኪያ ሰሌዳ ላይ ታስተኙታላችሁ፣ የዕለቱ ኮድ የተጻፈበትን ካርድ አጠገቡ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ትለቁታላችሁ። የአምስቱ ረጃጅም ዓሦቻችሁ ኢንች ይደመራል። በቃ። ፎቶ ከሌለ ዓሣ የለም።

* * *

ሐይቁ ፐርቲስ ክሪክ ይባላል። ከዳላስ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። ሰው ሠራሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ወንዙ ሲገደብ ሸለቆው ከነዛፉ ተዋጠ። ስፋቱ 355 ኤከር፣ ማለትም 144 ሄክታር ገደማ ነው። ያው ቴክሳስ ውስጥ ያለው ዝነኛው ሌክ ፎርክ ከ27 ሺህ ኤከር በላይ መሆኑን ስታስቡ፣ የእኛዋ ሐይቅ ከጓሮ ኩሬ ብዙም አትሻልም።

ዛፎቹ ግን አሉ። ቆመው የደረቁ፣ የተጋደሙ፣ የተደጋገፉ። ከውኃው በላይ የነበረው አካላቸው በዘመን ብዛት በስብሶ የወደቀ፣ ከውኃው በታች ግን ጉቷቸው እንዳለ የቀረ። (እንጨት አየር በሌለበት ውኃ ውስጥ ሲሆን ቶሎ አይበሰብስም።) የማታዩት ጉቶ የካያካችሁን ሆድ ሲፍቀው ጀርባችሁን ይበርዳችኋል።

ባስ ደግሞ ሯጭ አይደለም፤ አድፋጭ ነው። ግንድ ጥግ፣ ጥላ ውስጥ ተለጥፎ ይጠብቃል። ምስኪን ትንሽ ዓሣ ስታልፍ ብቅ ይልና ይውጣታል። ስለዚህ እንጨት ማለት ለባስ ቤት ማለት ነው። እንጨት በሌለበት ሐይቅ አንድ ግንድ ካገኛችሁ ዓሣ አገኛችሁ። እንጨት በሞላበት ሐይቅ ግን ግንድ ማግኘት መርካቶ ገብቶ «ሱቅ አገኘሁ» እንደማለት ነው። የትኛው ሱቅ?

ይህንን ጥያቄ እንድጠይቅ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ዝዋይ ነው ያደጉት፤ ልጅ ሆነው ቆሮሶ በመረብ ሲወጣ ያዩ ሰው ናቸው። አሁን ስልሳን አልፈዋል። የመጀመሪያ ዓመት እኔ ካገኘሁት ዛፍ ሁሉ ሥር ማባበያ ስወረውርና ከቅርንጫፍ ጋር ስታገል አይተው እንዲህ አሉኝ፦

«ዛፉን አትይ። ዛፍማ ሁሉም ጋ አለ። ከሥሩ ያለውን መሬት እይ።»

ግድቡ ሳይሞላ በፊት ወንዙ የሚሄድበት ቦይ እስከ ዛሬ ሐይቁ ወለል ላይ አለ። ለዓሣ ይህ ቦይ አስፋልት መንገድ ነው። ክረምቱን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ያሳለፈው ባስ፣ ጸደይ መጥቶ ውኃው 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ፣ ለመራባት ወደ ዳርቻው የሚወጣው ቦዩን ተከትሎ ነው። «መንገድ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ያለ ሱቅ አይከስርም» ይሉኛል ጋሼ። ቦዩ የሚታጠፍበት ቦታ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ከሌላው የተለየ እንጨት፤ የተጋደመ፣ የተደራረበ ወይም ወፍራም። ሺህ ዛፍ መሀል የሚፈለገው ይህ ነው።

* * *

ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ጋሼ እንዲህ ያለ ቦታ አሳዩኝ። ከውኃው አንድ ሜትር ታች የተጋደመ ወፍራም ግንድ ነው። አንዱ ጫፍ ሜዳው ላይ ተንተርሷል፣ ሌላው ጫፍ የድሮው ወንዝ መታጠፊያ ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ ምንም አይታይም። እሳቸው ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

የመንጠቋቸውን ስለት ቆርጠውት ነበር። ለልምምድ ነው። ዓሣው ይነክሳል፣ ክሩ ሲሳብ ይሰማችኋል፣ ከዚያ ራሱ ይተፋዋል። ሳይደማና ሳይደነግጥ ለውድድሩ ቀን ይቆያል። ሁለት ጊዜ ተነከሰላቸው። እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

«ይኼ የእኔ ጓዳ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ እዚህ ነኝ። ረፈድ ሲል ደግሞ አንተ ና፤ ይተርፍሃል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ቀዝቃዛ አየር ገባ። ዓርብ የሰሜን ነፋስ ሲያፏጭ ዋለ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል፣ ውኃው ጸጥ ብሏል። ወደ ሠላሳ የምንሆን ካያኮች ተደርድረናል። ፊሽካው ተነፋ።

እኔ የጋሼ ግማሽ ዕድሜ ነኝ። ክንዴም ይፈጥናል። እየቀዘፍኩ ራሴን ያሳመንኩበት ንግግር ይኸው፦ «ሐይቁ የሕዝብ ነው። ግንዱ ላይ ስማቸው አልተጻፈም። እኔ ባልይዘው ሌላ ሰው ይይዘዋል። ለነገሩ ውድድር ነው።» ሁሉም እውነት ነው። ደንቡን ገልብጣችሁ ብታነቡ ያጠፋሁት ነገር አታገኙም።

ቀድሜያቸው ደረስኩ። ስፒነርቤይት፣ ማለትም ስትጎተት የምታብለጨልጭና የምትሽከረከር ቆርቆሮ ያላት ማባበያ፣ ግንዱ ላይ አሳለፍኩ። በአስር ደቂቃ ውስጥ 16 ኢንች። ትንሽ ቆይቶ 14 ከሩብ። ሁለተኛውን ፎቶ እያነሳሁ ሳለ የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማሁ።

ጋሼ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀው ቆመዋል። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። መለኪያ ሰሌዳዬን እንደ አዲስ አጠበቅኩት።

«በርታ ልጄ» አሉኝ። ካያካቸውን አዙረው ሄዱ።

ምነው በሰደቡኝ።

* * *

ከዚያ በኋላ ግንዱ ላይ ምንም አልነከሰም። አንድ ሰዓት ቆየሁ። ሁለት ሰዓት ቆየሁ። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀዝቃዛ አየር አልፎ ሰማይ ሲጠራ ባስ ማሳደድ ያቆማል። ሰማዩ ደመና ሲሆን ከግንዱ ርቆ ይንሸራሸራል፣ የሚሮጥ ነገር ያባርራል። ፀሐይ ሲወጣና ነፋስ ሲቆም ግን እንጨቱ ላይ ይለጠፋል፤ አፍንጫው ሥር ካልወደቀለት አይነቃነቅም። እኔ የያዝኳቸው ሁለቱ የጠዋት ችኩሎች ነበሩ። የቀሩት ከግንዱ ሥር ሆነው የእኔን ቆርቆሮ ሲያልፍ እያዩ ያዛጉ ነበር።

ይህ ሲገባኝ ፍጥነቴን መቀነስ ነበረብኝ። እኔ ግን ሮጥኩ። ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ሦስት ውርወራ፣ ቀጣዩ፣ ሦስት ውርወራ፣ ቀጣዩ። ትልቅ ሐይቅ ላይ ሩጫ ወደ አዲስ ውኃ ያደርሳል። ትንሽ ሐይቅ ላይ ሩጫ የሚያደርሰው ሌላው ሰው አሁን ትቶት ወደ ሄደው ዛፍ ነው። ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ክብ እየሠራን የደነገጡ ዓሦችን መልሰን መላልሰን ስናስደነግጥ ዋልን።

አንድ 13 ኢንች ያዝኩ። አንድ ትልቅ ደግሞ ጭኔ ላይ አውጥቼ፣ የኮዱን ካርድ በሚንቀጠቀጥ እጅ ስፈልግ፣ ተስፈንጥሮ ውኃው ውስጥ ገባ። ስንት ኢንች እንደነበር አልናገርም፤ ያልተለካ ዓሣ ሁሉ ትልቅ ነው።

በዚህ ሁሉ ሩጫ ጋሼን አራት ጊዜ አለፍኳቸው። ሁልጊዜ ሐይቁ መሀል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቦታ፣ እንደ ጸሎተኛ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ ውድድሩ አበቃ። የእኔ ሦስት ዓሣ፣ 43 ከሩብ ኢንች። የጋሼ አምስት ዓሣ፣ 84 ተኩል። ትልቁ 21 ተኩል ኢንች ነው፤ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ወጡ።

* * *

ካያኮቹን መኪና ላይ ስናስር «ጋሼ፣ የት አገኟቸው?» አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ ነው።

«የት አገኛለሁ ብለህ ነው? ወንዙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዴ የሚታጠፈው?»

ግንዱን ስወስድባቸው ቁጭ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ዓሣው እዚያ ለምን ነበር? ቦዩ ስለሚታጠፍ። ጥልቅ ውኃ ቅርብ ስለሆነ። የተጋደመ እንጨት ቀኑን ሙሉ ጥላ ስለሚሰጥ። ሦስቱ የሚገናኙበትን ሌላ ቦታ በዓሣ መፈለጊያ መሣሪያቸው እያዩ ቦዩን ተከተሉ፤ አራት አገኙ። ከዚያ ስለቱ ፕላስቲክ ትሉ ውስጥ የተደበቀ መንጠቆ፣ ቴክሳስ ሪግ የሚባለውን፣ በግንዱ ጥላ በኩል ቀስ ብለው እያወረዱ፣ መሬት ሲነካ ሃያ እየቆጠሩ ጠበቁ። ስለቱ ስለተደበቀ ቅርንጫፍ አይዘውም። አዝጋሚ ስለሆነ የሰነፈም ባስ አያልፈውም።

እኔ የወሰድኩት አንድ ግንድ ነው። ግንዱን ግንድ ያደረገውን ነገር መውሰድ አልቻልኩም፤ እሱ እሳቸው ጋ ቀርቷል። ሺህ ዛፍ ባለበት ሐይቅ ላይ ደግሞ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ የስልት ትምህርት ይሆን ነበር። ግን አላበቃም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ለምኑ?»

«ለግንዱ።»

ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ «ዓሣውስ ዓሣ ነው፤ ነገም አለ» አሉ። «እኔ ግን ለሰው ማሳየት ደስ ይለኝ ነበር።»

ያቺ «ነበር» ዳላስ እስክገባ አብራኝ ተጓዘች። ተገቢ ቦታዋም ላይ ነበረች፤ ባዶው የጎን ወንበር ላይ። ሦስት ዓመት የደከሙበትን ነገር በአንድ ጠዋት የሰጡኝ እንድበልጣቸው አልነበረም። በዚህ ባዕድ አገር አንድ የሚያውቁትን ነገር በአማርኛ የሚያስረዱት ሰው አግኝተው ነበር። እኔ እሱን በ30 ከሩብ ኢንች ሸጥኩት።

* * *

ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ። ማባበያ ሳልወረውር ግማሽ ቀን ቦዩን ተከትዬ ቀዘፍኩ። ሐይቁ ጭራ አካባቢ፣ ሁለት ግንዶች ተጠላልፈው መታጠፊያው ላይ የወደቁበት ቦታ አገኘሁ። መንጠቆዬን ቆርጬ ጣልኩት። ሃያ ሳልጨርስ ክሩ ተንቀጠቀጠ።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ የማሳይዎት ነገር አለ። መንጠቆዎን ሳይቆርጡት ይምጡ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እስቲ አያለሁ» አሉ።

«እስቲ አያለሁ» በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቢሆንም የፊታችን ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ፣ ቡናዬን በፔርሙስ፣ ሁለት ስኒ ይዤ፣ ሐይቁ ዳር እገኛለሁ።

እማዬ፣ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ይኸው።