ቦራ፣ ወንድሜና የሞተር ሄልሜት

ጥር 25 መርቆሬዎስ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ደብረ ታቦርን የምታውቁ ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷችኋል። ለማታውቁት ግን ልንገራችሁ፤ ሌላው አገር ጥምቀት ሲያልፍ ነጠላውን አጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ እኛ ጋ ግን ፈረሱ ገና እየተሟሟቀ ነው። በመርቆሬዎስ ዕለት ፈረሰኛው ከየገጠሩ ተጠራርቶ ይወጣል፤ ጉግስ አለ።

እኔ አሁን የምኖረው ሐሙሲት ነው፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትውልዴ ግን ፋርጣ፣ ከጉና ግርጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ከእናታችን ጋር ነው፣ እርሻውም ፈረሱም በእሱ እጅ ነው። ፈረሱ ቦራ ይባላል። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። አባታችን ነው በውርንጭላነቱ የገዛው፤ ሲያድግ ሳያየው አረፈ።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? የዛሬ ሁለት ዓመት ወንድሜ ከቦራ ላይ ወድቋል። በበዓሉ ቀን እንኳ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ሲያለማምደው ነው። ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር አርጅቶ ኖሮ ተበጠሰ፣ ወንድሜ ከነኮርቻው መሬት ላይ ዋለ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። እሱ ይሁን፣ በወጌሻ ዳነ። ያስፈራን ጭንቅላቱ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ድረስ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። እናቴን «አንቺ የማን እናት ነሽ?» አላት። እኔ ስልክ ተደውሎልኝ በተገኘው መኪና በወረታና በዓለም በር ዞሬ እስክደርስ መሽቷል። ስገባ አወቀኝ። «ቦራ ደህና ነው?» ነበር ያለኝ፤ ይሄው ነው የመጀመሪያ ቃሉ።

እማዬ ያን ቀን ገዘተችው። በማን ስም መሰላችሁ? በመርቆሬዎስ። በመርቆሬዎስ ስም፣ ለመርቆሬዎስ በዓል፣ እንዳይጋልብ! ሁለት ዓመት ቦራ ማገዶና እህል ሲጭን ከረመ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተነሣ። ከኅዳር ጀምሮ ወንድሜ ዝም ብሎ ፈረሱን እያዘጋጀ ነው። እናቴ ታያለች፣ እሷም ዝም። ሸክም ቀረለት። ጠዋት ጠዋት ገብስ፣ ማታ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ ባቄላ። ጭገሩ ሲያብረቀርቅ አይታችሁ ከሆነ ገብሱ እንደገባ ታውቃላችሁ። ኮቴውን ራሱ ነው የሚከረክመው፣ የእኛ አገር ፈረስ ብረት አይመታለትም። ገና ሳይነጋ ወደ ዳገቱ ይወስደዋል። ሽቅብ ነው የሚያስሮጠው፤ ዳገት ትንፋሽ ይሠራል፣ ቁልቁል ግን ጉልበቱን ይጎዳዋል ይላል። እኔ ይሄንን ማንም አላስተማረውም ብዬ ስገረም አጎቴ ሰምቶ ሳቀብኝ። «አባትህ ነዋ ያስተማረው። አንተ ያኔ ደብተርህን ይዘህ ተቀምጠህ ነበር።» እውነቱን ነው።

ጉግስ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ውድድር ነው፣ ግን መጨረሻ መስመር የለውም። ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ ፈረሱን ኮልኩሎ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ይከተለዋል፣ ሲደርስበት ይወረውራል። የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፣ ወይ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያሳልፋል። ከዚያ ይዞሩና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ዋናው ችሎታ እንግዲህ መዞሩ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ መጋለብ ማንም ይጋልባል፤ በሙሉ ሩጫ ላይ ያለ ፈረስ ሲታጠፍ ግን ከላይ ያለው ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል ካላወቀ አለቀለት።

እዚህ ላይ ሥራዬ ከወንድሜ ጋር አገናኘኝ። ባለፈው ልጆቹን የክብ እንቅስቃሴ ሳስተምር፣ ከስልኬ የአሜሪካኖችን የመኪና ውድድር አሳየኋቸው። ናስካር ይሉታል። እንቁላል ቅርጽ ባለው መንገድ ላይ ነው የሚዞሩት። ዴይቶና የሚባለው አንዱ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ነው፣ 200 ጊዜ ይዞሩታል፣ ከ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በየዓመቱ አለ። መታጠፊያው ላይ መንገዱ 31 ዲግሪ ዘምሟል፤ ዘመም ባይል መኪናው ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ወደ ግራ ብቻ ነው እንዴ የሚዞሩት?» አለኝ። አዎ፣ ወደ ግራ ብቻ። ለዚህም ሲሉ የቀኝ ጎማውን ከግራው ትንሽ ተለቅ አድርገው ይሠሩታል፣ መኪናው ራሱ ወደ ግራ መሄድ እንዲወድ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ልጆቹ ሲስቁ እኔ ወንድሜን እያሰብኩ ነበር። ቦራ ወደ ግራ መታጠፍ አይወድም። ወንድሜ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሚደክመው ለዚሁ ነው፤ ሜዳው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ በግራ ብቻ ያዞረዋል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለነዚሁ ሹፌሮች ሳነብ ዴል ኧርንሃርት የሚባል አገኘሁ። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ነው። በየካቲት 1993 ዓ.ም. (በእነሱ 2001) እዚያው ዴይቶና፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ግድግዳ መትቶ ሞተ። ጭንቅላትንና አንገትን የሚይዝ ማሰሪያ ያኔ ነበር፣ ግን ግዴታ አልነበረም፣ እሱም አይወደውም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ግዴታ አደረጉት።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ ወረቀት ላይ አሰላሁት፤ የፊዚክስ መምህር ሲጨነቅ እንዲህ ነው። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት ቢያንስ 2 ሜትር ይርቃል። ፈረሱ ቆሞ እንኳ ቢወድቅ፣ መሬት ሲደርስ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል ፍጥነቱ። ቆሞ ነው እንግዲህ ያልኩት። የፈረሱ ሩጫ አልተደመረም፣ ከኋላ የሚመጣው ፈረስ ኮቴም አልተቆጠረም።

በማግሥቱ ደወልኩለት። «ሄልሜት ልግዛልህ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ወንድምዓለም፣ የሞተር ባርኔጣ አድርጌ መርቆሬዎስ ፊት ልውጣ? ፈረሰኛው ሁሉ ምን ይለኛል?»

«ከሞትክስ ምን ይሉሃል?»

«ጀግና» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ፣ ይቅርታ አለኝ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ሳቅ አልነበረበትም። «ጆሮዬን ይደፍንብኛል። ስሸሽ ከኋላዬ ያለውን በምን ነው የማውቀው? ዞሬ አላይም፣ በኮቴው ነው። ኮቴውን ካልሰማሁ ዘንጉ መቼ እንደሚወረወር አላውቅም።»

ይሄ እውነት ነው። መልስ አልነበረኝም። የናስካር ሹፌሮችም ከኋላቸው ያለውን በደንብ ስለማያዩ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ በሬዲዮ «ከጎንህ መጣ፣ አለፈ» የሚላቸው ሰው አላቸው። ለወንድሜ ማን በሬዲዮ ይነግረዋል? አጎቴ ጉና ላይ ቆሞ?

የሆነው ሆኖ ባህር ዳር ሄጄ ከአንድ ሞተረኛ አሮጌ ሄልሜት ገዛሁ። ግማሹን ጭንቅላት ብቻ የሚሸፍነውን፣ ጆሮ የማይደፍነውን። ኧርንሃርትም ፊቱ ክፍት የሆነውን ነበር የሚያደርገው፤ ይሄን አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ከምንም ይሻላል ብዬ ነው።

ከዚያ ለእማዬ ደወልኩ፣ የባሰው እሷ ጋ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ስሌቱን ሳይቀር። ረጅም ጊዜ አሰበች። «ይሄ ያልከው ነገር ራሱን ይሸፍነዋል?» አለችኝ። ይሸፍነዋል አልኳት። «ጠፍሩስ?» አዲስ ነው፣ ራሴ ነኝ የምገዛው አልኳት። «እንግዲያ ለንስሐ አባታችን እነግራለሁ። እሳቸው ከፈቱት ይፈታ። እኔ ግን ሜዳው ላይ አልወጣም፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው።» ቄሱ በጥምቀት ማግሥት ፈቱት።

የቀረው የወንድሜ ኩራት ነበር፤ እሱን የፈታው ደግሞ አጎቴ ነው። በዘመኑ እሱም ጉግስ ይጫወት ነበር፣ አንድ ጥርስ የለውም፣ ምክንያቱን አይናገርም። ፎቶውን በስልክ ላኩላቸው፤ አየው። «ይሄማ ምን ችግር አለው? በላዩ ጎፈር እንሰፋበታለን። ከላይ ያየ አንበሳ ነው የሚለው» አለ። የአንበሳ ጎፈር ከየት ይመጣል፣ የበግ ቆዳ ነው የሚሰፋበት። ወንድሜ «የበግ ጎፈር» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አኩርፏል አሉ። ትናንት ግን ደውሎ «ቆዳው ነጭ ይሁን፣ ከቦራ ግንባር ጋር እንዲሄድ» አለኝ።

ሄልሜቱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ካልታረመ የፈተና ወረቀት ጎን። ቅዳሜ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ፣ ይዤው እወጣለሁ። መጀመሪያ የሚሞከረው ሜዳው ላይ ነው፤ አጎቴ በሌላ ፈረስ ከኋላው ይመጣል፣ ወንድሜ ሳይዞር ርቀቱን ይናገራል። ካልሰማ ጎኑን በጋለ ቢላዋ እቆርጠዋለሁ።

ደብረ ታቦር አካባቢ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጥሩ የኮርቻ ጠፍር የሚሠራ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቆዳው በደንብ የለፋ ይሁን። ዋጋው ግድ የለም።